ያገለገለ መኪና በጠባብ በጀት፦ ለደሴና ለአካባቢው ገዢ

ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሻጩ የሚጠራው ገንዘብ የመኪናው ዋጋ አይደለም። ዋጋው በትክክል የሚታወቀው ስሙ ወደ ገዢው ዞሮ፣ መድን ተገብቶለት፣ ቦሎ ተለጥፎበት፣ የጎደለው ሁሉ ተሟልቶለት፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ እስከዚያ ድረስ የወጣው ገንዘብ ተደምሮ ነው። በእጁ ያለው ገንዘብ የተወሰነ ሰው ከመኪና ነጋዴም ይግዛ ከደላላ ወይም ከጨረታ፣ ሒሳቡን ከዚህ ድምር ቢጀምር ይሻለዋል።

በአገራችን ያገለገለ መኪና ዋጋው በዕድሜው ልክ አይወርድም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። ስለዚህ ሻጩ «መኪና ዋጋው አይወድቅም» ሲል በጥቅሉ እውነቱን ነው። ይህ እውነት ግን ስለ መኪና በአጠቃላይ እንጂ ፊት ለፊትዎ ስለ ቆመው መኪና የሚናገረው ነገር የለም፤ ሞተሩ ያለቀ መኪናም በዚሁ ንግግር ታጅቦ ሲሸጥ ይታያል።

እጅዎ ላይ 900 ሺህ ብር ካለ የ900 ሺህ ብር መኪና አይፈልጉ። በእኔ አስተያየት ከ750 ሺህ ብር በላይ የሚጠየቅበትን መኪና ለማየት እንኳ መሄድ አይገባም፤ ቀሪው ለስም ማዛወሪያ፣ ለቴምብር ቀረጥ፣ ለመድን፣ ለደላላ፣ ለጎማ፣ ለባትሪና ለፍሬን ይሄዳል። ገንዘቡን አሟጦ የገዛ ሰው የመጀመሪያዋ ብልሽት ስትመጣ መኪናውን ደጁ ላይ ያቆማል፤ የቆመ መኪና ደግሞ በቆመበት ይበላሻል።

በመኪናው ዓይነት ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለቶዮታ መካኒክም መለዋወጫም አይታጣም፤ በርካሽ የሚቀርብ ብርቅዬ የአውሮፓ መኪና ግን አንዲት ትንሽ ዕቃ ሲጎድለው ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ሊያስቆም ይችላል። ይልቅ በእኛ አገር አቀማመጥ በደንብ ሊታሰብበት የሚገባው የሞተሩ ጉልበት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። ይህ ማለት በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈው ጉልበት ደሴ ላይ ሩቡ ያህል ተቀንሶ ይደርስዎታል ማለት ነው። ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ለሚመላለስ ሰው 1,000 ሲሲ ቶዮታ ቪትዝ ይበቃዋል፤ ቤተሰብ ጭኖ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ወረኢሉ የሚወጣና የሚወርድ ግን 1,300 ሲሲ ቢይዝ ሞተሩም እሱም ያርፋሉ። ወደ መካነ ሰላም ወይም ወደ ወገልጤና ገጠር አዘውትሮ የሚሄድ ደግሞ ከሲሲው በፊት መኪናው ከመሬት ያለውን ከፍታ ይመልከት።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪናም ወደ ገበያው እየገባ ነው። ዋጋው ቢማርክዎም የባትሪው ቀሪ አቅም በመመርመሪያ መሣሪያ ተለክቶ ውጤቱን በዓይንዎ ሳያዩ፣ ቤትዎም ቻርጅ ለማድረግ የሚበቃ የኤሌክትሪክ መስመር መኖሩን ሳያረጋግጡ ቀብድ አይስጡ።

ወረቀቱ ከሞተሩ ይቀድማል

ብዙ ገዢ መጀመሪያ ኮፋኖ ያስከፍታል። የተበላሸ ሞተር በገንዘብ ይጠገናል፤ የተበላሸ ሰነድ ግን በገንዘብም ላይጠገን ስለሚችል ከሊብሬው (ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር) መጀመር ይሻላል።

ዋናውን ሊብሬ ይጠይቁ፤ ፎቶ ኮፒ ወይም በስልክ የተላከ ፎቶ አይበቃም። በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥሩ እንደ መኪናው ዓይነት ኮፋኖው ተከፍቶ ከሞተሩ ኋላ ባለው ላሜራ ላይ ወይም ከፊት ወንበር ሥር ምንጣፍ ተገልጦ ይገኛል። በቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ጠባሳ፣ የተፋቀ ቀለም ወይም አንዱ ፊደል ከሌላው ጋር የማይመጣጠን አቀራረጽ ካዩ ለምን እንደሆነ መከራከር አያስፈልግም፤ አመስግነው ይሂዱ። ሞተር ተቀይሮ ከሆነ ለውጡ በሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት። «በኋላ እናስመዘግበዋለን» የሚለው ቃል በኋላ የሚጠቅመው ለሻጩ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመኪናው ፋይል ወዳለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ከባለቤቱ ጋር ይሂዱና መኪናው በባንክ መያዣነት ወይም በፍርድ ቤት ዕግድ የተያዘ መሆን አለመሆኑን፣ ያልተከፈለ ቅጣት እንዳለበት፣ ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆኑንም ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በኢንቨስትመንት ወይም በሌላ ልዩ መብት ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጥና ታክሱ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው ሊተላለፍ አይችልም፤ ዋጋው ከገበያው በታች ሆኖ የሚቀርብልዎትም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሰሌዳው የአዲስ አበባ ከሆነ ማጣራቱ የሚካሄደው እዚያው ስለሆነ፣ ፋይሉን ወደ ደሴ ለማዛወር የሚወስደው ጊዜና ወጪ በዋጋ ድርድሩ ውስጥ ይግባ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ የጠፋው ንብረትና ሰነድ ብዙ ነበር። ስለዚህ «ሊብሬው በዚያን ጊዜ ጠፍቶ ምትክ አውጥቼ ነው» የሚል ሻጭ ቢገጥምዎ ውሸቱን ነው ብለው አይነሡ፤ ነገር ግን ምትኩ በመሥሪያ ቤቱ ካለው ፋይል ጋር ቁጥር በቁጥር ሳይመሳከር አንድ ብርም አይክፈሉ።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባል ወይም የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያላገባ ከሆነም ይህንኑ የሚያሳይ ማስረጃ ያቅርብ። ከሁሉ በላይ ግን በውክልና የሚደረግ ግዢ ያሳስበኛል። አንድ መኪና ከአንዱ ወደ ሌላው በውክልና ብቻ እየተላለፈ ሦስት አራት ሰው ዘንድ ሲዞር ሊብሬው ላይ ያለው ስም የመጀመሪያው ሰው እንደሆነ ይቀራል። ያ ሰው ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮት ያበቃል፣ ገዢውም ከማያውቃቸው ወራሾች ጋር ይፋጠጣል። ስም ለማዛወር የሚወጣውን ገንዘብ ለማዳን ሲባል ይህን አደጋ መቀበል ቁጠባ አይደለም።

ደላላውና ነጋዴው

ደላላ በኛ ገበያ የማይቀር ሰው ነው፤ የማያውቁትን መኪና ያውቃል፣ የማያገኙትን ሻጭ ያገኛል። የኮሚሽን ልማዱ ብዙ ጊዜ ከዋጋው 2 በመቶ ስለሆነ ከማን እንደሚቀበልና ስንት እንደሆነ መኪና ሳይታይ ይነጋገሩ። ዋጋው ከፍ ባለ መጠን የሱም ድርሻ ከፍ እንደሚል መርሳት አይገባም። እርስዎ ስለ ሞተሩ ሲጠይቁ «አብሽር ጋሼ፣ ሞተሩ አልተነካም፣ የሐኪም መኪና ነች» ይልዎታል። (በደላሎች አነጋገር ከሄድን በወሎ መኪና የነበራቸው ሐኪሞችና የውጭ አገር ሰዎች ብቻ ናቸው።) ንግግሩን በፈገግታ ተቀብለው «እሺ ወንድም ዓለም፣ መካኒኬ ይየውና እንነጋገራለን» ማለት ማንንም አያስቀይምም። መካኒኩ ግን የራስዎ ሰው ይሁን፤ ደላላው የሚጠራው መካኒክ የሚሠራው ለደላላው ነው። መኪናውን ቢገዙም ባይገዙም ለድካሙ እንደሚከፍሉት አስቀድመው ይንገሩት፤ ያኔ «ተወው» ለማለት አይፈራም።

ነጋዴ ከደላላ የሚለየው መኪናውን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ አጥቦና ቀብቶ መልሶ የሚሸጥ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ነጋዴ ዘንድ ያለ መኪና ሁልጊዜ ያምራል። አዲስ የተቀባ ቀለም፣ የታጠበ ሞተርና የሚያብረቀርቅ ዳሽቦርድ ሲያዩ ከመደሰት ይልቅ ምን እንደተሸፈነ ይጠይቁ፤ የታጠበ ሞተር ዘይት ከየት እንደሚያንጠባጥብ ለጊዜው አያሳይም።

መኪናውን ማየት

ከሻጩ ጋር ሲቀጣጠሩ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲያገኙት በማለዳ ይሁን፤ እስኪደርሱም እንዳያስነሣው ይንገሩት። እንደደረሱ ከሰላምታው ጋር እጅዎን ኮፋኖው ላይ ያሳርፉ። በደሴ ማለዳ ብርድ ላሜራው ሞቆ ከተገኘ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆታል ማለት ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚያሳየውን ጭስና የሚያሰማውን ድምፅ እንዲያዩ አልፈለገም። በሌላ ቀን ይመለሱ።

ሞተሩ ሲነሣ ከኋላ ይቁሙ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። ነጭ ጭስ በብርድ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ቢታይ ተን ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቋረጠ ግን የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው፣ ጓርኒሲዮኑ (በሞተሩ ራስና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተሰንጥቋል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ወተት የመሰለ ነገር ካገኙም ወዲያው አይደንግጡ፤ በደጋ ከተማ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ክዳኑ ሥር ጥቂት እርጥበት ሊቋጥር ይችላል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ያውጡ፤ እዚያም ወተት ከመሰለ ነገሩ አልቋል።

ስለ ራዲያተር አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ደሴ ባለችበት ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውኃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ጎማው የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ መኪና ቆላ ላይ ሳያስቸግር ኖሮ ዳገት ሲጀምር ይፈላል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ይክፈቱና ይዩት፤ ውኃው ዝገት የመሰለ ከሆነም ለዓመታት ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሳይጨመርበት ተራ ውኃ ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው።

ላሜራውን በጨርቅ በተጠቀለለ ማግኔት ይፈትሹ። ማግኔቱ የሚላቀቅበት ቦታ ስቱኮ (በቀለም ሥር ጉድጓድ የሚሞላበት ልስን) አለ። አንድ በር ላይ ቢገኝ ተራ ግጭት ነው፤ የጣሪያው ምሰሶዎች ላይ ወይም ኮፋኖ ሥር ባለው የሻንሲ ጫፍ ላይ ከሆነ ግን መኪናው ተገልብጦ ወይም በኃይል ተጋጭቶ ነበር። ቪትዝ የሚገዛ ሰው ደግሞ መሪውን በተለየ ይይ። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ ቀኝ መሪ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ እዚህ የምናያቸው መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ ነው። ሥራው በደንብ የተሠራላቸው አሉ፤ ያልተሠራላቸውም አሉ። ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ ብርሃን ያብሩና ሽቦዎቹ በፕላስተር ተጠቅልለው የተንጠለጠሉ መሆናቸውን፣ የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት ላሜራ ተቆርጦ እንዴት እንደተበየደ ይመልከቱ። ከመሪና ከፍሬን ሥራ ጋር የተያያዘ ነገር በግምት አይታለፍም።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የሚናገረውን ብቻ አይመኑ፤ የፔዳሉ ጎማ፣ የመሪው ቆዳና የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ አብረው ይመስክሩ። 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ተነድቷል የተባለ መኪና የፍሪሲዮን (የክላች) ፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ከታየ ቆጣሪው ተነካክቷል። ጎማው ጎን ላይ የተቀረጸው ባለ አራት አሐዝ ቁጥር የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ይነግራል፤ ለምሳሌ 2319 ማለት የ2019 23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማም በዕድሜ ብቻ ሊደርቅ ይችላል።

ፈተናው ሐረጎ ላይ ነው

ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ዞሮ «ጥሩ ነው» ማለት ለወሎ መኪና በቂ አይደለም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። ይህን ያህል የተሟላ መመርመሪያ በነፃ ያገኘ ገዢ በሌላ ከተማ ያለ አይመስለኝም። ከመውጣትዎ በፊት የሦስተኛ ወገን መድኑ ያልተቋረጠ መሆኑን በሰነዱ ላይ ያረጋግጡ፤ ይህ መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው።

ሲወርዱ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ይያዙ፤ ማርሹ እግርዎን ከነዳጅ ባነሡ ጊዜ በራሱ ከወጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ችግር አለበት። ፍሬን ሲይዙ መሪው ወደ አንድ ጎን ከጎተተ፣ ፔዳሉ ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ ታች እየሰጠመ ከሄደ ይመዝግቡት። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ወርደው አራቱንም ጎማ በተራ ቀርበው ይዩ፤ አንዱ ብቻ የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ እዚያ ጎማ ላይ ፍሬኑ አይለቅም።

ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ከነዳጅ እግርዎን ለጥቂት ጊዜ አንሥተው እንደገና ሲሰጡ በመስታወቱ ወደ ኋላ ይመልከቱ፤ በዚያች ቅጽበት የሚወጣ ሰማያዊ ጭስ በሜዳ መንገድ ላይ አይታይም። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ሲል ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የሙቀት ጠቋሚው ከመሐል አልፎ መውጣት ከጀመረ መኪናውን ጥግ ያስይዙ፤ ሻጩ «ዛሬ ብቻ ነው» ቢልም ነገም ያው ዳገት ነው። ደሴ ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ቆይተው እንደገና ያስነሡት፤ በሙቀት የማይነሣ ሞተር አለ።

በጨረታ መግዛት

ጨረታ ርካሽ የሚሆነው ሒሳቡን ለሠራ ሰው ነው። ማስታወቂያዎቹ በበኩር፣ በአዲስ ዘመንና በሪፖርተር ጋዜጦች ላይ እንዲሁም በመሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣሉ። ባንኮች ብድሩ ያልተመለሰላቸውን መያዣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጣቸው ሥልጣን በሐራጅ ይሸጣሉ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያረጁባቸውን፣ ፍርድ ቤቶች ለፍርድ ማስፈጸሚያ የተያዙትን፣ ጉምሩክ ደግሞ የተወረሱትንና የተተዉትን ይሸጣሉ። በእኔ ግምት በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው የባንኩ ይሻላል፤ ሊብሬው የታወቀ ነው፣ መኪናውም እስከ ቅርብ ጊዜ ሲሠራ የነበረ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ጥገናው ከዋጋው ሲበልጥ ነው። የጉምሩክ ከሆነ መኪናው በስምዎ ለመመዝገብ የሚያስችል ሙሉ ሰነድ፣ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ መግለጫውን) ጨምሮ፣ አብሮ እንደሚሰጥ አስቀድመው ይጠይቁ።

ማስታወቂያው ላይ «ባለበት ሁኔታ» የሚል ቃል ካለ ከገዙ በኋላ የሚሰማዎት የለም። ለማየት በተፈቀደው ቀን መካኒክዎን ይዘው ይሂዱ፤ መንዳት አይፈቀድም፣ ማስነሣትም ላይቻል ይችላል። ስለዚህ የሞተሩን ቺንጋ (ቀበቶ) እና ዘይቱን ማየት፣ የሻንሲ ቁጥሩን ማመሳከር፣ ከመኪናው ላይ የተፈታ ዕቃ መኖሩን መቁጠር ብቻ ይቀራል። ያልተነሣ ሞተር እንደተበላሸ ሞተር ይቆጠር።

ሒሳቡን በምሳሌ እናሳየው። የመነሻ ዋጋው 700 ሺህ ብር ለሆነ መኪና በብዙ የባንክ ማስታወቂያዎች እንደሚጠየቀው ሩቡን፣ ማለትም 175 ሺህ ብር፣ በሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) አስይዘው ይገባሉ። በ760 ሺህ ብር አሸነፉ እንበል። የተጨማሪ እሴት ታክስ በሽያጩ ላይ የሚታሰብ ከሆነ 15 በመቶው 114 ሺህ ብር ነውና ድምሩ 874 ሺህ ብር ይደርሳል። በዚህ ላይ ስም ማዛወሪያ፣ ባትሪ፣ ጎማና የመጎተቻ ኪራይ ይመጣል። በአዳራሹ ውስጥ እልህ ሲይዝ ይህ ሁሉ ይረሳል፤ ስለሆነም የመጨረሻ ዋጋዎን ታክሱን አስገብተው በወረቀት ላይ ጽፈው ይግቡ። አሸንፎ በተሰጠው ቀን ውስጥ ቀሪውን ያልከፈለ ሰው ያስያዘውን ሲፒኦ ያጣል።

ውሉና ርክክቡ

ቀብድ ሲሰጡ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 የተጻፈውን ያስታውሱ፤ የሰጠው ከውሉ ቢወጣ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢወጣ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የፋይሉ ማጣራት ሳያልቅ ቀብድ አይሰጥም። መስጠት ግድ ከሆነ ዕግድ ወይም ዕዳ ቢገኝ ቀብዱ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር።

ቀረጡን ለመቀነስ በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ እንዲጻፍ የሚጠይቅ ሻጭ ብዙ ነው። አይቀበሉ፤ ሕገ ወጥ ከመሆኑም ሌላ ውሉ ፈርሶ ገንዘብዎ ይመለስ ቢባል በእጅዎ ያለው ማስረጃ የተጻፈው ዋጋ ነው። ክፍያውም በባንክ ሒሳብ፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ላለው ሰው ይሁን። «አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚለው የተለመደ ሐረግ ሻጩ ስለ ድብቅ ጉድለት ያለበትን ኃላፊነት ለማጥበብ የሚጠቅመው ስለሆነ፣ ሻጩ ስለ ሞተሩና ስለ ኪሎ ሜትሩ በቃል የተናገረው ከሱ ቀጥሎ በጽሑፍ ይግባ። ርክክቡ የተፈጸመበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይጻፍ፤ በዚያ ቀን አደጋ ቢደርስ ኃላፊው ማን እንደሆነ የሚለየው እሱ ነው።

ስሙ ከዞረ በኋላ መድኑን በስምዎ ያስደርጉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሞተር ዘይቱን ከፊልትሮው ጋር፣ የፍሬን ዘይቱንና ቺንጋውን ያስቀይሩ፤ የቀድሞው ባለቤት «አምና ቀይሬዋለሁ» ያለውን ከሒሳቡ ያውጡት። የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር ጽፈው ከደረሰኞቹ ጋር መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ፤ የሊብሬው ዋና ግን እዚያ አይቀመጥም።